መከታ ለምን አላደገም? የአንድ ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ጉዳይ

ጋሼ ውሻ የገዛው በስፖኪዮ የተነሳ ነው። በ2015 ክረምት የመኪናውን ስፖኪዮ ሁለት ጊዜ ነቀሉበት። ሁለተኛውን የነቀሉት አጥር ዘለው፣ ግቢ ገብተው ነው። በማግስቱ መርካቶ ሄዶ ሌላ ገዛ። "የራሴኑ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም መልሼ የገዛሁት" እያለ ተመለሰ። ማታ ላይ ወሰነ። "ውሻ እገዛለሁ። ፈረንጅ ውሻ። ጥጃ የሚያክል።"

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ጨርሶ አሁን ጡረታ ላይ ነው። ቤቱ ወደ ለገጣፎ መውጫ ነው። እኔ ደግሞ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ውስጥ ነው የምሠራው። ዘመድ ሁሉ ውሻው ሲያስል፣ በጉ ሲነፋ የሚደውለው ለእኔ ነው። ጋሼም ደወለ። የደወለው ግን ከገዛ በኋላ ነው።

የውሻውን ነገር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በደብተር ይዤዋለሁ። እዚህ የማስቀምጣቸው ቁጥሮች ከዚያ የተገለበጡ ናቸው። የአርቢውን ስምና ሰፈር አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ አንባቢ ሲጨርስ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

ግዢው

ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ነበር። "ኦሪጅናል ጀርመን ሼፐርድ፣ ንጹህ ዘር፣ አባትየው 45 ኪሎ።" ዋጋው 28 ሺህ ብር። ጋሼ መስከረም 2016 መጨረሻ ላይ ሄዶ አየ። አባትየውን አሳዩት። ጥቁርና ቡናማ፣ የፊት እግሮቹን የብረት በሩ ላይ ሰቅሎ ሲቆም ከጋሼ ጋር ፊት ለፊት የሚተያይ ውሻ ነው። ከዚያ በኋላ ጋሼ ጥያቄ የሚባል ነገር አልጠየቀም።

ቡችሎቹ ስድስት ነበሩ። ስምንት ተወልደው ሁለቱ በመጀመሪያው ሳምንት ሞተዋል፤ "ብርድ መታቸው" ብሏል አርቢው። ይህን ያዙልኝ። ጋሼ ከስድስቱ የመረጠው ዝም ያለውን፣ ጸጉሩ እንደ ጥጥ የሚለሰልሰውን ነው። በቁመት ከወንድሞቹ ትንሽ ያንስ ነበር፤ ግን ዓይን የሚገባ ልዩነት አልነበረም። ሁለት ወር ሞልቶታል ተባለ። አፉንም ጥርሱንም አየሁት፤ ዕድሜው ላይ አልዋሹም።

ስሙን "መከታ" አለው።

ሚዛን ላይ

ቡችላ መመዘን ቀላል ነው። ጋሼ ውሻውን ታቅፎ የሰው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ብቻውን ይወጣል፣ ልዩነቱን እጽፋለሁ። በሁለት ወሩ 5 ኪሎ። በሦስት ወሩ 5.8። በአራት ወሩ 6.9። በአምስት ወሩ 7.6። የዚህ ዘር ወንድ ቡችላ በአምስት ወሩ 20 ኪሎ አካባቢ መሆን ነበረበት።

በሦስተኛው ወር ላይ "ትል ነው" አልኩ። አዲስ አበባ ላይ ለከሳ ቡችላ መጀመሪያ የሚታሰበው ይሄው ነው፤ አሥር ጊዜ ስትገምት ስምንቱን ትመታለህ። መድኃኒት ሰጠሁት። እውነትም ወስፋት ወጣለት። ጋሼም እኔም ደስ አለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገምነው። ክብደቱ ግን እዚያው ነው።

ቀጥዬ ምግቡ ላይ ዞርኩ። ጋሼ የሚያበላው የእንጀራ ፍርፋሪና የሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ነበር። ሥጋ ብቻውን ለቡችላ ምግብ አይደለም፤ ካልሲየሙ ትንሽ፣ ፎስፈረሱ ብዙ ነው። ይህች ከተማ ውስጥ እግራቸው እንደ ቀስት የጎበጠ ጀርመን ሼፐርዶች የምናየው ባለቤታቸው ስለጨከነ አይደለም። ስለወደዳቸው፣ ሥጋ ብቻ ስላበላቸው ነው። የመከታ እግር ግን ቀጥ ያለ ነበር። ያም ሆኖ ምግቡን አስለወጥኩት። እንቁላል፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ ሩዝ፣ ለቡችላ የሚሸጠው ደረቅ መኖ። ጋሼ "እኔ ራሴ እንዲህ አልበላም" እያለ ሁሉንም አደረገ። አንድ ወር ሞላ። 700 ግራም ጨመረ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ሁለት ወር ሙሉ ትሉንና ምግቡን ሳሳድድ ጸጉሩን አላየሁትም። ማየት አይቶ ማለፍ ከሆነ በየሳምንቱ አየሁት። እጄን ስሰድ እየለሰለሰ፣ እንግዳ ሁሉ "ውይ ሲያምር!" እያለ። አምስት ወር የሞላው ጀርመን ሼፐርድ እኮ የቡችላ ጸጉር ሊኖረው አይገባም። ሸካራ የሆነው የላይኛው ጸጉር መውጣት ነበረበት። መከታ ላይ የወጣው ፊቱና እግሩ ላይ ብቻ ነው። ፊቱም እንደ ቀበሮ ሾጠጥ ብሏል። ይህን ሁሉ "ያምራል" ብለን አለፍነው።

ወንድሙ መጣ

ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ሰው የትል መድኃኒት ሊገዛ መደብሩ መጣ። ለጀርመን ሼፐርድ ነው አለ። ክብደቱን ጠየቅኩት፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው በኪሎ ነው። "24 ኪሎ።" ዕድሜውስ? "ስድስት ወር።" ከየት ነው የገዛኸው? ስልኩን አውጥቶ የአርቢውን ቁጥር አሳየኝ። ያው ቁጥር ነው።

ሰውየው ቅን ነበር። እሑድ ዕለት ውሻውን ይዞ ጋሼ ቤት መጣ። ሁለቱን ወንድማማቾች በሩ ፊት ለፊት አቆምናቸው። የጋሼን የአናጺ ሜትር ይዤ ከመሬት እስከ ጫንቃቸው ጫፍ ለካሁ። እንግዳው 56 ሴንቲ ሜትር። መከታ 33። እንግዳው ጫወታ ሲያምረው የፊት እግሩን አንስቶ የመከታ ጀርባ ላይ አሳረፈ፤ መከታ እግሩ እየታጠፈ ቁጢጥ አለ። ከዚያ ጮኸ። ድምፁ ቀጭን ነው። የሁለት ወር ቡችላ ጩኸት።

ጋሼ ምንም አላለም። ገብቶ ለእንግዳው ውሻ ውኃ አመጣ።

ከአንድ ሆድ የወጡ፣ አንድ አባት ያላቸው፣ በአንድ ቀን የተሸጡ ናቸው። እንግዳው ውሻውን የሚያበላው ደግሞ ጋሼ ከሚያበላው የባሰ ነገር ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከሆዱ ውስጥም ከሳህኑ ውስጥም አልነበረም።

ሐኪም ዘንድ

የካቲት ላይ የማምናት ሐኪም ጋ ወሰድነው። ቢሾፍቱ ተምራ የወጣች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። መጀመሪያ አንገቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ ፈታች። ከሥሩ ያለው ቆዳ ራቁቱን ነው። ከዚያ ጎኑ ላይ ያለውን ጸጉር በሁለት ጣት ያዝ አድርጋ ሳብ አደረገችው። ሳያመው፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ጸጉሩ እፍኝ ሆኖ እጇ ላይ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው አፉን ከፈተች። በሰባት ወሩ የወተት ጥርሶቹ አልወለቁም፤ በጤናማ ውሻ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ተለውጠው ያልቃሉ። የዘር ፍሬዎቹም አልወረዱም። ደም ወሰደች። የታይሮይድ ሆርሞኑ ዝቅ ያለ ነው። የኩላሊት ምርመራው ከፍ ብሏል።

"ፒቱታሪው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ" አለች።

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር የተቀመጠች፣ ሌሎቹን ዕጢዎች የምታዝ ትንሽ ዕጢ ናት። የዕድገት ሆርሞን የሚወጣው ከእሷ ነው። ታይሮይድን የምትቀሰቅሰውም እሷ ናት፤ የመራቢያ አካላትንም እንዲሁ። እሷ በፅንስ ጊዜ በትክክል ካልተሠራች ውሻው ድንክ ሆኖ ይቀራል። ድንክነቱ የተመጣጠነ ነው። እግሩ አይቆለመም፣ ጭንቅላቱ አይገዝፍም። ትንሽ ውሻ ብቻ ይመስላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በሽታ መሆኑን የማያውቀው። አንድ ሆርሞን ግን ይተርፋል፤ የውጥረትና የሕመም ጊዜ የሚያስፈልገውን ኮርቲዞልን የሚያዘው። እሱም ቢቀር ኖሮ መከታ እስካሁን ባልቆየም ነበር።

ይህ ነገር ጀርመን ሼፐርድ ላይ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ይፋ አደረጉ። ኤል-ኤች-ኤክስ-3 የሚባል ጂን አለ። ድንኮቹ ላይ ከጂኑ ውስጥ 7 ፊደል የምታክል ቁራጭ ትጎድላለች። ሰባት ፊደል። በእሷ ጉድለት የተነሳ ጂኑ መልእክቱን አስተካክሎ አያስተላልፍም። ያው ጉድለት በሳርሎስና በቼኮስሎቫኪያ ተኩላ-ውሾች ላይም ተገኝቷል። ሁለቱም ዘሮች የተፈጠሩት ጀርመን ሼፐርድን ከተኩላ ጋር በማዳቀል ነው፤ የቼኮስሎቫኪያው ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ጉድለቱ ከሼፐርዱ ጋር አብሮ ገባላቸው ማለት ነው። አዲስ ነገር አይደለም። የመርመሪያው መንገድ ነው አዲሱ።

ምርመራው ቀላል ነው። ጉንጩ ውስጥ ጥጥ ታሻለህ፣ ታደርቀዋለህ፣ ትልካለህ። የት ትልካለህ የሚለው ነው ችግሩ። የጋሼ ልጅ ፍራንክፈርት ትኖራለች። ለፋሲካ ስትመጣ የጥጡን ዕቃ ይዛ መጣች፤ ስትመለስ ይዛው ሄደች። ቦርሳዋ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ እና በፖስታ የታሸገ የውሻ ምራቅ። ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት በኢሜይል መጣ። መከታ ጉድለት ያለበትን ጂን ሁለት ቅጂ ይዟል።

ወረቀቱ ምን ይላል

ብዙ ሰው ይህን ወረቀት ቢያይ "ውሻዬ ታሟል" ብሎ ያነበዋል። ወረቀቱ ግን የሚናገረው ከመከታ ይልቅ ስለ ወላጆቹ ነው። አንዱን ቅጂ የሰጠችው እናቱ፣ ሌላውን የሰጠው አባቱ ነው። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፣ ሁለቱም ያምራሉ፣ ሁለቱም ተሸካሚ ናቸው፤ አንድ ጉድለት ያለበትና አንድ ደህና ቅጂ ይዘው ራሳቸው አይታመሙም ማለት ነው። ጥጥ ሳይነካቸው ተመርምረዋል።

ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ እያንዳንዱ ቡችላ ድንክ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከአራት ሁለት። ነጻ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ። ጤነኛ መስሎ ከሚያድገው ቡችላ ደግሞ ከሦስት ሁለቱ ተሸካሚ ነው። ያ ጋሼ በር ላይ የቆመው ባለ 24 ኪሎ ውሻም ከዚህ አይወጣም። ባለቤቱ "ሊያስወልደው" እያሰበ ነበር።

"ብርድ መታቸው" የተባሉትን ሁለቱን ቡችሎች አሁን አስቡ። ድንክ የሆኑ ቡችሎች ብዙዎቹ ገና ሳይታወቁ በሕፃንነታቸው ይሞታሉ። ብርድም ሊሆን ይችላል፤ መስከረም ሳይገባ፣ ክረምት ላይ ነው የተወለዱት። ግን ከስምንት ውስጥ ሁለት ሦስት ቢሆኑ ሒሳቡ አይገርምም።

አርቢው

ሰኔ ላይ ሄድን። ጋሼ፣ እኔ፣ እና የእድራቸው ሊቀመንበር። ሊቀመንበሩን ጋሼ ነው የጠራቸው፤ "ነገር ሊከር ይችላል፣ ሽማግሌ ይኑር" ብሎ።

አርቢው ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ጓሮው ንጹህ ነው። ውሾቹ ወፍረዋል፣ ክትባታቸው በካርድ ተጽፏል። ይህን የምለው ሊወቀስ ስለማይገባ ነገር እንዳይወቀስ ነው። ቡና አፈላልን። ወረቀቱን አሳየሁት። የጀመረው ከሁሉም በሚጠበቀው ነው። "ጋሼ፣ እርስዎ ሲወስዱት ጤነኛ ነበር። በምግብ ነው።" ወንድሙን፣ ባለ 24 ኪሎውን፣ በስልኬ አሳየሁት። ዝም አለ።

ከዚያ ሳንጠይቀው ራሱ ነገረን። "እናትየዋ እኮ የእሱ ልጅ ናት።" የእሱ ማለት የአባትየው። በኩራት ነው ያለው። "ዘሩ እንዳይቀላቀል ብዬ ነው።"

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም የዚህ ጉዳይ ግማሹ ያለው እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ከተማችን ውስጥ ጥሩ የሚባል ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ጥቂት ነው። አንዱ ከተገኘ ሁሉም ከእሱ ነው የሚያስወልደው፣ ሴት ልጁንም ጨምሮ። "ንጹህ ዘር" የሚለው ቃል ገበያ ላይ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። አንድ ወንድ ተሸካሚ ሆኖ ነጻ የሆነች ሴት ጋር ቢገናኝ ድንክ አይወለድም። ልጆቹ ግን ግማሾቹ ተሸካሚ ናቸው። ከገዛ ልጁ ጋር ሲገናኝ፣ የልጅቱን ምርመራ ሳታውቅ፣ እያንዳንዱ ቡችላ ድንክ የመሆን ዕድሉ ከስምንት አንድ ይደርሳል። ለአያት ለቅድመ አያት ያልታየ ነገር እንደዚህ ነው የሚወጣው። ሰው ዘመዱን ሲያገባ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ውሻው ላይ ሲደርስ አንድ ቤት አይቆጥርም።

አርቢው አሰበና መፍትሔ አመጣ። "ክረምቱ ሲወጣ ትወልዳለች። ሌላ ቡችላ እሰጥዎታለሁ፣ በነጻ። መርጠው ይወስዳሉ።"

ጋሼ ፊቱ በራ። ሊቀመንበሩም "ይኸው! ሰው ሲነጋገር" አሉ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

"ከማን ነው የምትወልደው?" አልኩት።

"ከእሱው።"

እንግዲህ ደስ የማይለውን ነገር የምናገር እኔ ሆንኩ። ከዚያው አባትና ከዚያችው እናት የሚመጣ ቡችላ ካሣ አይደለም፣ ሌላ ዕጣ ነው አልኩ። ጋሼ በዓይኑ ገላመጠኝ። ሊቀመንበሩ አንድ ሲኒ ጨለጡና "እስኪ እንደ ገና አስረዳኝ" አሉ። በክብሪት እንጨት አስረዳኋቸው። የተቃጠለው ጫፍ ጉድለት ያለበት ቅጂ ነው፣ ያልተቃጠለው ደህናው። አራት ቡችላ ደረደርኩ። አርቢው አጎንብሶ ያያል። ሲጨርስ አንዷን እንጨት አነሳና፣ ሁለት የተቃጠለ ጫፍ ያላትን፣ "ይቺ ነች መከታ?" አለ። አዎ አልኩት።

ያኔ ነው ሰውየው የተቆጣው። "ታዲያ እኔ ምን አውቄ! ሞባይል አይደል ዋስትና የምሰጠው።" እውነቱን ነው፤ ወንዱን ሲገዛ ማንም ወረቀት አልሰጠውም፣ አገር ውስጥ ምርመራውን ጠይቆት የሚያውቅ ገዢም የለም። ገዢ የሚጠይቀው "አባትየው ስንት ኪሎ ነው?" ብቻ ነው። ጋሼም የጠየቀው እሱን ነው።

ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ጠበቃ ወዳጄን ጠይቄ ነበር። "ውል አላችሁ?" አለኝ። የለም። "ደረሰኝ?" ሳቅኩ። "እንግዲያው ሽማግሌ ይሻላችኋል" አለኝ።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ወረቀቱን እስካየባት ሰዓት ድረስ በዚህ ልጅ አልፈርድበትም። አባትና ልጅን ማገናኘቱ ስሕተት ነው፣ ግን ያላወቀው ስሕተት ነው። ከዚያች ሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ይለያል። አርቢ ትልቅ ውሻ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ያለበት ግዴታ ያወቀውን ለገዢ መናገርና ባወቀው መሠረት መሥራት ነው። ይህም ማለት ጥንዶቹን ዳግም አለማገናኘት፣ ሌሎቹን አምስት ገዢዎች ደውሎ መንገር ነው። ሁለተኛውን ስለው "አምስቱም መጥተው ብራችንን መልስ ቢሉኝስ?" አለ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ጥሩ መልስ የለኝም።

ሽማግሌው ጨረሱት። አርቢው 14 ሺህ ብር መለሰ። ሁለቱን ውሾች ዳግም ላያገናኝ ቃል ገባ። ጋሼ ውሻውን አልመለሰም። አርቢው "ይመልሱትና ሙሉውን ልስጥ" ብሎ ነበር። ጋሼ "ልጄ፣ ወስደህ ምን ታደርገዋለህ?" አለው። እሱም መልስ አልነበረው።

ስለ ትልቅነት

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ፤ ምክንያቱም "አባትየው 45 ኪሎ" የምትለዋ ነገር ከመጀመሪያው ቆርቁራኛለች። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 የጀርመን ሼፐርድ ማኅበርን ሲያቋቁም የፈለገው በግ የሚጠብቅ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው የሥራ ውሻ ነው። ዛሬም የዘሩ መስፈርት ለወንዱ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር፣ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው የሚለው። ለሴቷ ከ55 እስከ 60፣ ከ22 እስከ 32 ኪሎ። ስለዚህ አርቢው ሊያኮራን የጻፈው 45 ኪሎ ራሱ ከመስፈርቱ ውጪ ነበር።

የትልቅ አምሮት ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ውሾቹ እየረዘሙ፣ እየገዘፉ፣ ለሥራ እየከበዱ ሄዱ። አርቢው የሚያመርተው ገዢ የሚወደውን ነዋ። ሽቴፋኒትስ እ.ኤ.አ. በ1925 ለታላቁ ሽልማት የመረጠው ክሎዶ ፎም ቦክስበርግ የሚባል ውሻ ነው፤ ከዘመኑ ሻምፒዮኖች ዝቅ ያለና ረዘም ያለ። ምርጫው ለአርቢዎች ሁሉ የተላከ መልእክት ነበር፤ በቃ ወደ መካከለኛው ተመለሱ የሚል። የሚገርመው፣ ያ የማስተካከያ ውሻ ራሱ ደግሞ ከመጠን በላይ ተፈላጊ ሆኖ ብዙዎች ዘራቸውን በእሱ ላይ ቆለሉ። አንድን ነገር ለማረም አንድ ወንድ ላይ ስትንጠለጠል ሌላ ነገር ታመጣለህ።

መድኃኒቱ

መከታ ጠዋትና ማታ የታይሮይድ ክኒን ይወስዳል። ለሰው የሚሸጠው ክኒን ነው። ፋርማሲ ውስጥ ያለችው ልጅ መጠኑን ስታይ "ይሄ ተሳስቷል፣ ለአንድ ትልቅ ሰው ይበዛል" ብላ መለሰችን። አልተሳሳተም፤ ውሻ ታይሮይድ ሆርሞንን ቶሎ ስለሚያስወግድ በኪሎ ከሰው ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ሐኪሟ ደውላ አስረዳቻት።

የዕድገት ሆርሞኑ ነው አስቸጋሪው። የውሻ የዕድገት ሆርሞን ገበያ ላይ የለም፤ የአሳማው ይሠራል፣ እዚህ ግን አይገኝም። ሐኪሟ ሌላ መንገድ ነገረችን። ፕሮጄስቲን የሚባሉት መድኃኒቶች የውሻ ጡት ዕጢ የዕድገት ሆርሞን እንዲያመነጭ ያደርጋሉ። ከእነሱ አንዱ በየጤና ጣቢያው ያለው የሦስት ወር መርፌ ነው። ዴፖ።

ጋሼ ደግሞ ጠየቃት። "የወሊድ መቆጣጠሪያው?"

"አዎ።"

"ለወንድ ውሻ?"

"አዎ።"

ወደ እኔ ዞሮ "ይህን ለሚስቴ አትንገራት" አለ። ነግሬያታለሁ።

መርፌው ቁመት አይመልስም፤ ጸጉሩን ሊመልስ፣ ኩላሊቱን ሊያግዝ ይችላል። በሌላ በኩል ስኳር በሽታና የቆዳ ቁስል ሊያመጣ ይችላል፣ ክትትል ይፈልጋል። ሳይታከሙ የሚቀሩት ድንኮች አብዛኞቹ ከአራት አምስት ዓመት አያልፉም። ጋሼ ሦስት ቀን አሰበበት። ክኒኑን ቀጥሎ መርፌውን ተወው። እኔ ብሆን እሞክረው ነበር። ውሻው ግን የእሱ ነው።

ኅዳር 2017

በአሥራ ስድስት ወሩ መከታ 11 ኪሎ ነው። ጫንቃው 39 ሴንቲ ሜትር። ጎኑና አንገቱ በርቷል፣ ቆዳው ጠቁሯል። የጋሼ ሚስት ከአሮጌ ጋቢ ልብስ ሰፍታለት ማታ ማታ ይለብሳል። ሌባ ቢመጣ መጮኹ አይቀርም፤ ሌባው ግን ይስቃል። ስፖኪዮው ከዚያ ወዲህ አልተነቀለም። ጋሼ ምስጋናውን ለመከታ ይሰጣል። እኔ ብየዳ ቤት ላሠራው የብረት መሸፈኛ እሰጣለሁ።

በዚያው ሰሞን ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። "ሴት ጀርመን ሼፐርድ፣ ንጹህ ዘር፣ ሁለት ጊዜ የወለደች፣ ጥሩ እናት።" ፎቶው ላይ ያለውን የብረት በር አወቅኩት። አርቢው ቃሉን አላፈረሰም፤ ጥንዶቹን አላገናኘም። እናትየዋን ሸጣት እንጂ። ደወልኩለት። "ተሽጣለች፣ አዳማ ሄዳለች" አለ። ለገዢው ነገርከው? አልኩት። "ወንዱ ሌላ ነው፣ ምን ይሆናል?" አለኝ። ከፊል እውነት ነው። የአዳማው ወንድ ነጻ ከሆነ ድንክ አይወለድም። ግማሾቹ ተሸካሚ ሆነው ይበተናሉ እንጂ።

የገዢውን ስልክ ለመንኩት። ሦስት ቀን አንገራግሮ ላከልኝ። ይህን እንደ ቁም ነገር እቆጥርለታለሁ፤ ስሙን የማልጽፈውም በዚህ ነው።

ለአዳማው ሰው ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። ስለገዛት ውሻ የምነግረው ነገር እንዳለ፣ ወንድ ከማምጣቱ በፊት ቢሰማኝ እንደሚጠቅመው። ሰውየው ትሁት ነው፣ አዳመጠኝ።

"አውቀሃታል ማለት ነው?" አለኝ። "ፎቶ ላይ ትልቅ ትመስላለች። ቁመቷ በትክክል ስንት ነው?"

"58 ሴንቲ ሜትር" አልኩት። ለክቻታለሁ። ከዚያ ስለ ወረቀቱ ነገርኩት።